ብሩስ ፎርሳይት፦ የቅዳሜ ምሽቱ አጫዋች

ሰር ብሩስ ፎርሳይት ኦገስት 18 ቀን 2017 በ89 ዓመቱ ሲያርፍ የእንግሊዝ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ደጋግመው ያነሱለት በተለይ ሁለት ሥራዎቹን ነበር። አንደኛው በ1970ዎቹ የቅዳሜ ምሽቱን ሁሉ የገዛበት «ጀነሬሽን ጌም» ነው፤ ሌላው በእርጅናው ዘመን የመራው የዳንስ ውድድር «ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ» ነው። ከ70 ዓመት በላይ የዘለቀው የቀረው የሥራ ዘመን በጥቂት መስመር ታለፈ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእኔ አስተያየት የዚህ ሰው ሙያ ጎልቶ የሚታየው ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ በቀሩት ሥራዎቹ ነው። ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው የተቋረጡ፣ ተቺ ያብጠለጠላቸው፣ ዛሬ ብዙ እንግሊዛዊ እንኳ ስማቸውን የማያስታውሳቸው ዝግጅቶች አሉት። ደራሲ መጽሐፉን፣ ዘፋኝ ሸክላውን ትቶ ያልፋል። የመዝናኛ አጫዋች ግን የዚያን ምሽት ሰው አዝናንቶ መብራቱ ሲጠፋ ሥራው አብሮ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ሰው በወጉ ማስታወስ የሚፈልግ የተረሳውንም መቁጠር አለበት።

ብሩስ የተወለደው በ1928 በሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን በሚባል ሰፈር ነው። አባቱ የመኪና ጋራዥ ነበረው። ወላጆቹ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው፣ በሙዚቃ ጓዱ የሚታወቀው የክርስቲያን ማኅበር አባላት ስለነበሩ ሙዚቃ ከቤታቸው የሚጠፋ አልነበረም። ልጁ ገና በስምንት ዓመቱ የአሜሪካዊውን ዳንሰኛ የፍሬድ አስቴርን ፊልም አይቶ፣ ብረት በተመታበት ጫማ ወለል እያንኳኩ የሚጨፈረውን ታፕ ዳንስ ካልተማርኩ አለ፤ ተማረም። በ1939 ቴሌቪዥን በእንግሊዝ ገና እንቦቀቅላ ሳለ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ሥርጭቱን ከመዝጋቱ በፊት፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ ሆኖ በቢቢሲ የተሰጥዖ ዝግጅት ላይ ቀረበ። የቴሌቪዥንን የጨቅላነት ዘመን በልጅነቱ አይቶ እስከ ዲጂታል ዘመን አብሮት የሠራ ሰው ከእሱ ሌላ ማን እንደነበረ እንጃ።

በ1942፣ አሥራ አራት ዓመቱ ላይ፣ ቢልስተን በተባለች የፋብሪካ ከተማ በሚገኘው ቲያትር ሮያል መድረክ ወጣ። የመድረክ ስሙ «ቦይ ብሩስ፣ ዘ ማይቲ አተም» ይባል ነበር። ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ አኮርዲዮን ይጫወታል። በዓመቱ የሮያል አየር ኃይል አብራሪ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ጆን በልምምድ በረራ ላይ ሞተ። ሐዘኑ ቤቱን ቢከብደውም ብሩስ መድረኩን አልተወም።

ከዚያ በኋላ ታዋቂ እስኪሆን 16 ዓመት ፈጅቶበታል። ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከከተማ ከተማ በባቡር እየዞረ፣ ርካሽ አልጋ እየተከራየ፣ ቫራይቲ በሚባለው የዘፈን፣ የቀልድ፣ የጭፈራና የምትሃት ቅይጥ ቲያትር ውስጥ የተሰጠውን ጥቂት ደቂቃ ይሠራ ነበር። ለንደን ውስጥ ዊንድሚል በተባለው ቲያትርም ሠርቷል። ወደዚያ ቤት የሚመጣው ወንድ አብዛኛው ልብሳቸውን የጣሉ ሴቶችን ለማየት እንጂ ቀልድ ለመስማት አልነበረም። በዚህ ዓይነት ታዳሚ ፊት የሚቆም ቀልደኛ ሦስት ነገር ይማራል፦ ጸጥታን አለመፍራት፣ የሰው ፊት ማንበብ፣ ያልሳቀውን ተመልካች አለመቀየም። ብሩስ በኋላ በቴሌቪዥን ያሳየን እርጋታ የተገኘው ከእነዚህ ምሽቶች ይመስለኛል።

በ1958 የንግድ ቴሌቪዥኑ አይቲቪ እሑድ ማታ ከለንደን ፓላዲየም ቲያትር በቀጥታ ለሚያስተላልፈው ታላቅ ዝግጅት አዲስ መድረክ መሪ ሲፈልግ እሱን ሞከረው። ሙከራው ተሳክቶ ስሙ ባንድ ጊዜ አገር ሁሉ ገባ። በዝግጅቱ ከአሜሪካ የመጡ ዝነኛ ዘፋኞች ይቀርባሉ፤ በመሀሉ ደግሞ «ቢት ዘ ክሎክ» የምትባል አጭር ጨዋታ ነበረች። ባልና ሚስት ከታዳሚው መሀል ወጥተው ሰዓት ሳይቀድማቸው አንድ የሚያስቅ ሥራ መጨረስ አለባቸው። ፎርሳይት ከታላላቆቹ ዘፋኞች ይልቅ የሕዝቡን ፍቅር ያገኘው በዚህች ጨዋታ ነው። ነገሩ ሁሉ ሲተራመስ ወደ ካሜራው ዞር ብሎ «እዚህ አዛዡ እኔ ነኝ!» ይላል። አዛዥ እንዳልሆነ ሁሉም ያያልና አገሩ በሳቅ ይወድቃል።

ከዚያ ዘመን አንድ ምሽት ከሌላው ሁሉ በላይ ሊወሳ ይገባዋል። በ1961 መጨረሻ የተዋንያን ማኅበር ከንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ጋር በክፍያ ተጣልቶ አድማ መታ። የፓላዲየም ዝግጅት እንግዳ አጣ። ፎርሳይትና ኮሜዲያኑ ኖርማን ዊዝደም ሁለቱ ብቻቸውን ወጥተው ያንን ሙሉ ዝግጅት ሞሉት። ዘፈኑም፣ ጭፈራውም፣ ሙዚቃውም፣ ቀልዱም የሁለት ሰው ሆነ። በጊዜው ያዩት ሰዎች ከፓላዲየም ምሽቶች ሁሉ ይህኛውን ያስበልጡ ነበር። አድማ የጎዳውን ዝግጅት ሁለት ሰው ሊያድነው የቻለው ሁለቱም በቫራይቲ ቤት ሁሉን ነገር መሥራት ተምረው ስለመጡ ነው። ዛሬ ያ ትምህርት ቤት የለም፤ ቲያትሮቹም አብዛኞቹ ፈርሰዋል ወይም ሌላ ነገር ሆነዋል። ከፓላዲየም ምሽቶችም ብዙዎቹ አይገኙም። በዚያ ዘመን ሥርጭቱ በቀጥታ ነበር፤ የምስል ቴፕም ውድ ስለነበረ የተቀዳው እየተደመሰሰ ሌላ ይቀዳበት ነበር። የአንድ ሰው የወጣትነት ሥራ በዚህ መንገድ መጥፋቱ ያሳዝናል።

«ጀነሬሽን ጌም»ን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ እሱ ብዙ ተብሏልና። ቢቢሲ ሐሳቡን የወሰደው ሚስ ባውማን ከምትመራው የኔዘርላንድስ ዝግጅት ነበር። በ1971 ተጀመረ። አባትና ልጅ፣ እናትና ወንድ ልጅ፣ አክስትና የወንድሟ ልጅ፣ ብቻ ከሁለት ትውልድ የሆኑ ጥንድ ዘመዳሞች ይቀርባሉ። አንድ ባለሙያ የሸክላ ማሰሮ በመንኮራኩር ላይ እንደ ዋዛ ሠርቶ ያሳያቸዋል፤ ከዚያ እነሱ ይሞክሩታል። ጭቃው ይፈርሳል፣ ይበተናል፣ ልብስ ይበላሻል። በመጨረሻም አሸናፊው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ የሚያልፉትን ሽልማቶች አይቶ ያስታወሰውን ያህል ይወስዳል። ፎርሳይት ገና ሲገባ «እናንተን ማየት፣ እናንተን ማየት…» ሲል ታዳሚው «ደስ ይላል!» ብሎ ይጨርስለታል። ያቺ ሰላምታ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በየመንገዱ ተከትላዋለች። ዝግጅቱን በጣም በሰመረበት ጊዜ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ይመለከተው ነበር።

በ1977 በገዛ ፈቃዱ ለቀቀው። ቀጥሎ የመጣው የሕይወቱ ትልቁ ውድቀት ነው፤ እኔም ቆም ማለት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አይቲቪ በ1978 መጸው የቅዳሜውን ምሽት በሙሉ በእጁ ሰጠው። የዝግጅቱ ስም «ብሩስ ፎርሳይትስ ቢግ ናይት» ነበር። ዘፈን ነበረው፣ እንግዳ ነበረው፣ ጨዋታ ነበረው፤ ከጥንት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች የተመለሱ ክፍሎችም ነበሩት። ገንዘብ ፈሰሰበት፣ ማስታወቂያ ተነገረለት። ቢቢሲ በበኩሉ «ጀነሬሽን ጌም»ን ላሪ ግሬይሰን ለተባለ አጫዋች ሰጥቶ በዚያው ምሽት አቀረበው። ላሪ ይሸነፋል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ላሪን መረጠ። የፎርሳይት ትልቅ ምሽት ሰዓቱ ተቀያየረ፣ ጋዜጦች ተረባረቡበት፣ ዓመቱ ሳያልቅም ቆመ።

ስለዚህ ውድቀት የተጻፈው አብዛኛው ስለ ትዕቢትና ስለ ገንዘብ ነው። እኔ በዚያ አልስማማም። ሰውየው በዚያ ዝግጅት ያጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ከጎኑ የሚቆም፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የማያውቅ ተራ ሰው። «ቢግ ናይት» ፎርሳይትን የዝግጅቱ ባለቤትና ኮከብ አደረገው። እሱ ደግሞ በጣም የሚያበራው ሌላ ሰው መሀል ላይ ሲቆምና እሱ ከጎን ሆኖ ሲመለከት ነው። ከስቶክ ወይም ከሌስተር የመጣች የቤት እመቤት ጭቃው በእጇ ላይ ሲፈርስ እሱ ወደ ካሜራው የሚልካት ያቺ አንድ እይታ፣ ከመቶ የተጻፈ ቀልድ ትበልጣለች። ሰውየው ዘፋኝም ዳንሰኛም ፒያኖ ተጫዋችም ነበር፤ በሁሉም ጎበዝ ነበር። ወደር ያልተገኘለት ግን በማስተናገድ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ «ቢግ ናይት» መውደቅ ነበረበት።

በ1979 ብቻውን የሚሠራበትን ዝግጅት ይዞ ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ በዊንተር ጋርደን ቲያትር ለጥቂት ቀናት ቀረበ። አሜሪካ ስሙን ይዛ አልቀረችም። ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የመጣው «ፕሌይ ዩር ካርድስ ራይት» ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ንጹሑ ነው። ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በ1980 ጀመረ። ጨዋታው ከዚህ በላይ ሊቀል አይችልም። ሰው የሚያህሉ የመጫወቻ ካርታዎች ተደርድረዋል፤ የሚቀጥለው ካርታ ከተገለጠው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ይኸው ነው። ዕድሉን ለማግኘት ደግሞ ጥንዶቹ አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ። መቶ ነርሶች፣ ወይም መቶ የባቡር ሠራተኞች፣ ስለ አንድ ነገር ቢጠየቁ ስንቱ «አዎ» ይላሉ? ይህን ይገምታሉ። ዕውቀት አይጠይቅም፣ ጉልበት አይጠይቅም። ታዳሚው «ይበልጣል!» «ያንሳል!» እያለ አዳራሹን ያናውጠዋል፤ ተጫዋቾቹ ወደ ሕዝቡ ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በእንዲህ ያለ ባዶ ጨዋታ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያይ ማድረግ የካርታው ሥራ አይደለም፤ የአጫዋቹ ሥራ ነው። ባልየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ሚስትየው በቤታቸው ውሳኔ የምትሰጠው መሆኗን በሁለት ጥያቄ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ የሚያየው ካርታ ሳይሆን አንድ ትዳር ነው። ዝግጅቱ እስከ 1987 ቆየ፤ በ1994ና በ2002 ደግሞ እንደገና ተመለሰ።

በ1980ዎቹ መሀል የሠራቸውን ማን ያስታውሳቸዋል? በ1986 አሜሪካ ተጠርቶ ለኤቢሲ ቴሌቪዥን «ሆት ስትሪክ» የተባለ የቀን ጨዋታ መራ። አንድን ቃል ለጓደኛ ማስረዳት ነው፤ ግን ከፊት የተናገሩት ሰዎች የተጠቀሙበትን ቃል መድገም አይቻልም። ጥሩ ጨዋታ ነበር፤ 13 ሳምንት ቆይቶ ተዘጋ። በዚያው ዓመት አገሩ ውስጥ «ስሊንገርስ ዴይ» በሚባል ኮሜዲ ላይ የሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተወነ። ይህ ሥራ ከባድ ውርስ ነበረበት። ከእሱ በፊት የነበረውን ተከታታይ ይሠራ የነበረው ሊዮናርድ ሮሲተር፣ የአገሪቱ ታላቅ የኮሜዲ ተዋናይ፣ በ1984 በትያትር ዝግጅት መሀል በድንገት ሞቶ ነበር። ተቺዎች ፎርሳይትን ከሟቹ ጋር እያነጻጸሩ አንገቱን ሊያስደፉት ሞከሩ። እሱ ተዋናይ ነኝ ብሎ አልተከራከረም፤ የተሰጠውን ሠርቶ ሁለት ዙር ጨርሶ ወጣ።

«ዩ ቤት!» የሚባለው፣ ከ1988 እስከ 1990 የመራው፣ ከጀርመን የመጣ ሐሳብ ነበር። አንድ ሰው «እኔ ይህን ማድረግ እችላለሁ» ብሎ ይመጣል፤ በከባድ ማሽን ጥቃቅን ነገር ማንሳትም ሊሆን ይችላል። ዝነኞችና ታዳሚው ይችላል ወይም አይችልም ብለው ይወራረዳሉ። እዚህም ላይ የፎርሳይት ቦታ ያው ነው፦ ዓመታት ሙሉ በጓሮው አንድ ነገር ሲለማመድ የኖረ፣ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ሰው ባለሙያ ተብሎ በክብር እንዲቆም ማድረግ። ቀጥሎ የመጣው «ቴክኦቨር ቢድ» ተወዳዳሪዎች ሽልማቱን ከመጀመሪያው ተቀብለው ላለመነጠቅ የሚታገሉበት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተረሳ። እኔ ግን ሐሳቡን እወደዋለሁ። በ1992 የጀመረው «ብሩስስ ጌስት ናይት» ደግሞ ዘፋኞችንና ቀልደኞችን እየጋበዘ አብሯቸው የሚዘፍንበት፣ የፓላዲየምን ዘመን የሚያስታውስ ዝግጅት ነበር። ምናልባት እሱ ራሱ ከሁሉ በላይ የሚወደው ይህን ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ እንዲያ ይላል።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ዓይነት ሙያ ያውቀዋል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ያረፉት በዚያው ክረምት፣ ጁላይ 31 ቀን 2017፣ ከፎርሳይት 18 ቀን ብቻ ቀድመው ነው። እሳቸውም ወደ ቴሌቪዥን የመጡት ከመድረክ ነበር፤ ተውኔቱን፣ ዘፈኑን፣ ምትሃቱን ይዘው። ሁለቱ ተያይተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ሥራቸውም አንዱ ለልጆች፣ ሌላው ለቤተሰብ ሁሉ ነበር። ግን ካሜራ ፊት ሲቆሙ ሁለቱም ማሽን ሳይሆን ሰው ነበር የሚያዩት።

ወደ ዘመኑ መጨረሻ ልሂድ። በአዲሱ ምእተ ዓመት መግቢያ ላይ የፎርሳይት ጊዜ አለፈ ተብሎ ነበር። ዕድሜው 75 ነበር። በ2003 «ሃቭ አይ ጎት ኒውስ ፎር ዩ» የተባለው የዜና ሽሙጥ ዝግጅት ለአንድ ምሽት እንዲመራው ጋበዘው። ያ ዝግጅት ለስላሳ ሰው የሚቦጫጨቅበት ነው። ፎርሳይት ከመቦጫጨቅ ይልቅ የራሱን የድሮ ጨዋታ ይዞ ገባና ቤቱን በሙሉ ወደ እሱ ጨዋታ አስገባው። ተሳታፊዎቹ ወደውም ሳይወዱም ተጫወቱለት። በዓመቱ ቢቢሲ ከአቅራቢዋ ከቴስ ዴሊ ጋር «ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ»ን ሰጠው። ሕዝቡም መደበኛ መሪነቱን እስከለቀቀበት እስከ 2014 ድረስ አብሮት ዘለቀ። ያን ጊዜ 86 ዓመቱ ነበር። በ2008 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ የሆነውን የባፍታን ከፍተኛ ክብር አገኘ። በ2011፣ አድናቂዎቹ ዓመታት ሙሉ ከጠየቁለት በኋላ፣ የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ2013 ደግሞ ወጣቶች በሚጎርፉበት በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ላይ፣ በ85 ዓመቱ፣ ዘፍኖ ጨፍሮ ተመልካቹን አስጨበጨበ።

ሦስት ጊዜ አገባ፤ ስድስት ልጆች ወለደ፤ ከ1983 ጀምሮ እስከ ሞቱ አብራው የኖረችው የፖርቶ ሪኮዋ ዊልኔሊያ መርሴድ ናት። ከሞተ ከዓመት በኋላ አመዱ በለንደን ፓላዲየም መድረክ ሥር እንዲያርፍ ተደረገ።

ስለ እሱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ በዳንሱ ውድድር አይጀምር። እዚያ የሚታየው ቀድሞ ዝና ያገኘ ሽማግሌ ነው። ከ«ፕሌይ ዩር ካርድስ ራይት» የመጀመሪያ ዓመታት አንዱን ክፍል ፈልጎ ይክፈት። ካርታዎቹ ከመገለጣቸው በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ጥንዶቹ ገና ፈርተው ሲቆሙ፣ እሱ በየት ቆሞ እንደሚያነጋግራቸው፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ ማንን አስቀድሞ እንደሚጠይቅ ይመልከት። ቀልዱ ባይገባው እንኳ ሙያው ይገባዋል።